የፊርደውስ ቅልቅል

ኅዳር 9

ዛሬ አንዲት ሴት ሎሽን ልትገዛ መጥታ፣ ብልቃጡን አንስታ፣ ዋጋ ተከራክራ ከጨረሰች በኋላ ሀሚዳን አየቻት። ልጄ ከባንኮኒው ኋላ ካርቶን ውስጥ ተኝታ ነበር። ጉንጮቿ ቀልተዋል፣ ተሰነጣጥቀዋል፣ ግራው ውኃ ያዣል። ሴትዮዋ ብልቃጡን ቀስ አድርጋ መለሰችና «የልጅሽን ፊት ሳታድኚ የኛን ልታጠሪ ነው?» ብላ ሳቀች። እኔም አብሬያት ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ! ስትወጣ ግን የመለሰችውን ብልቃጥ ሦስት ጊዜ ወለወልኩት። ንዴት ነው እንጂ ሌላ አይደለም።

ሰቆጣ ውስጥ የቅባትና የሽቶ ሱቅ ሞልቷል። የእኔን የሚለየው ቅልቅሌ ነው። ማድያት የወጣባት፣ ብጉር ያስቸገራት፣ ለሰርጓ ፊቷ እንዲጠራ የምትሻ ሁሉ «የፊርደውስ ቅልቅል» ብላ ከአምደወርቅ ድረስ ትመጣለች። ቫዝሊን፣ ግሊሰሪን፣ ትንሽ የጽጌረዳ ሽታ፣ ከዚያ ከትንሿ ቱቦ ሁለት ጭምቅ። ቱቦዋን ባለቤቴ ያሲን ዕቃ ሊያመጣ ሲወርድ ይዞልኝ ይመጣል። ውስጧ ምን እንዳለ አላውቅም፤ ጽሑፉ የውጭ ነው። ፊት እንደምታጠራ ግን አውቃለሁ።

ጥር ደግሞ እየመጣ ነው፣ የሰርግ ወር። የዓመቱ ሥራዬ ያኔ ነው። የሀሚዳ ፊት እስከዚያ እንዲህ ከቆየ ማን ወደ እኔ ይገባል?

የጻፍኩትን አሁን መልሼ አነበብኩት። ልጄ አምስት ወሯ ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ ታለቅሳለች፣ እኔ የምጽፈው ስለ ሱቅ!

ኅዳር 12

አልተኛንም። ያሳክካታል፣ ታካለች። ካልሲ እጇ ላይ አጠለቅሁላት፣ በካልሲውም ታካለች። አንሶላው ላይ ደም አለ።

ኅዳር 16

ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ሲስተር የሺመቤት ሀሚዳን ስወልድ ያዋለደችኝ ናት። ክርኗን፣ የጉልበቷን ማጠፊያ፣ ከጆሮዋ ኋላ ሁሉ ገላልጣ አየችና «ችፌ ነው። አይጋባም። አንቺም ያጠፋሽው ነገር የለም» አለችኝ። ይህን ስትል ዓይኔ ሞላ። እስከ ዛሬ አንድም ሰው እንዲህ አላለኝም ነበር።

ያለችኝን እንዳልረሳው፦ ለብ ባለ ውኃ፣ ሳላቆያት። ሽታ ያለው ሳሙና አይነካትም። ከውኃ ስትወጣ ቆዳዋ ሳይደርቅ ቫዝሊን ወፈር አድርጎ፣ ደግሞ በቀን አራት አምስት ጊዜ፣ ቢሻላትም ሳላቋርጥ። የጥጥ ልብስ፤ ሱፍ ገላዋን አይንካ፤ ጥፍሯ አጭር ይሁን። በጣም የቀላው ቦታ ላይ ብቻ እሷ የሰጠችኝ ቀለል ያለ መድኃኒት፣ ስስ አድርጎ፣ በቀን አንዴ፣ ለሰባት ቀን፤ ከዚያ ማቆም። «ይሄዳል፣ ይመለሳል። አብዛኞቹን ሲያድጉ ይተዋቸዋል። አንቺ ብቻ አትሰልቺ» አለች።

አትሰልቺ! ቫዝሊንማ እኔው ነኝ የምሸጠው። ግማሽ ቀን ተሰልፌ ቫዝሊን ቀቢ ተብዬ ተመለስኩ።

ኅዳር 18

እማ ሐሊሜ፣ የያሲን እናት፣ ሲስተር ያለችውን ስነግራቸው እጃቸውን አወናጨፉ። «ከጡትሽ ነው። እንቁላል ተዪ፣ ወተት ተዪ፣ ምስርም ይቅርብሽ።» ተውኩ። የሱፉን ብርድ ልብስ ሳነሳ ደግሞ «በዚህ ውርጭ ልጄን ልትገድያት ነው?» ብለው መልሰው ጠቀለሏት። ልጅቷ በላብ ርሳ እንደ ጉድ ታካለች። ሱቅ ውስጥ ምላሴ አንድ ክንድ ነው፤ እሳቸው ፊት የት እንደሚገባ እንጃ።

ማታ ከጎረቤታቸው ጋር ሲያወሩ ሰማኋቸው። «በኛ ዘር እንዲህ ያለ የለም። በእናቷ በኩል የመጣ ነው» ይላሉ። በእናቷ በኩል! የእናቴን ቆዳ ያየ ሰው ይመስክር።

ኅዳር 25

ግራ ጉንጯ ማዣቱን አቁሟል። ክርኗ ለስልሷል። ትናንት ሌሊት ሁለት ጊዜ ብቻ ነቃች። ሲስተር እንዳለችው እያደረግሁ ነው፤ እማ ሐሊሜ ሲተኙ ሱፉን አውጥቼ በነጠላ እሸፍናታለሁ። እንቁላልም ተደብቄ በላሁ። ሲስተር «አንቺ ካልበላሽ እሷ ምን ትጠባለች?» ብላ ስለተቆጣችኝ ነው።

ግን ቀስ ይላል፣ ያ ረቢ፣ እንዴት ቀስ ይላል! ሰው አሁንም አይቷት ፊቱን ያዞራል። የእማ ሐሊሜ ወንድም ልጅ ኒካህ ታኅሣሥ አምስት ነው። ዛሬ ምሳ ላይ «በዚህ ፊቷ ሰው መሐል አታወጪያትም። ይዘሻት እቤት ቅሪ» አሉኝ። ያሲን ሳህኑን እያየ በላ። አንድ ቃል! አንድ ቃል እንኳ ቢተነፍስ ምን ነበረበት?

ታኅሣሥ 1

ከቅልቅሌ ቀባኋት፣ ትንሽ ብቻ። የክብሪት ጫፍ የምታህል። ጉንጯ ላይ ብቻ፣ ለኒካሁ ብቻ።

ታኅሣሥ 3

ሱብሐነላህ! ጠራ! በሁለት ቀን! ጉንጯ ላይ ጣቴን አመላለስኩ፣ ምንም የለም። ሌሊቱን ሙሉ ተኛች። እኔም ተኛሁ። ስነቃ የት እንዳለሁ ጠፍቶኝ ነበር።

ክርኗና አንገቷ ላይም ነካ አደረግሁላት። አንዴ ከጀመርኩ አይቀር።

ታኅሣሥ 6

ኒካሁ ትናንት ነበር። ሀሚዳ ከእጅ ወደ እጅ ስትዘዋወር ዋለች። እማ ሐሊሜ ራሳቸው ታቅፈዋት ሴቱን ሁሉ አዞሩ፣ «የልጄ ልጅ ናት» እያሉ። ቤት ስንገባ ግንባሬን ሳሙኝ። በሦስት ዓመት ትዳሬ የመጀመሪያዬ ነው። ሴቶቹ «ምን ቀባሻት?» ሲሉኝ «የራሴን ቅልቅል» አልኩ። ውሸት አይደለም።

ዛሬ ካርቶኑን ከባንኮኒው ኋላ አውጥቼ ሰው ከሚያይበት በር አጠገብ አደረግሁት።

ታኅሣሥ 10

የገበያ ቀን። ሱቁ እስከ በር ሞልቶ ነበር። እታገኝ የምትባል ደንበኛዬ አለች፣ ከሰቆጣ ዙሪያ፣ በእግር ሁለት ሰዓት ከሚያስኬድ መንደር። የገጠር ሰው ናት፤ ቤቷ የምታወራው ኽምጣኛ ነው፣ አማርኛዋ ረጋ ያለ። ማር ስታመጣ ሳሙና ወስዳ ትሄዳለች። ዛሬ የአራት ወር ልጇን ደግሰውን አዝላ መጣች። ፊቱ ልክ እንደ ሀሚዳ፣ የቀድሞዋ ሀሚዳ። ካርቶኑ አጠገብ ቁጢጥ ብላ ልጄን ረጅም ጊዜ አየቻት።

«ይቺ ናት ያቺ? ያኔ ያየኋት?» አለች።

«እሷው ናት።»

«ለኔም ልጅ ስጪኝ እንግዲያ። ሌሊት እኮ አልተኛም፣ እቴ። አባቱ ብዙነህም በረት ሄዶ ነው የሚያድር።»

ብልቃጡን ሰጠኋት። ይህ የትልልቅ ሰው ነው፣ ጤና ጣቢያ ውሰጅው ልል አፌ ላይ ነበር። ከኋላዋ ሦስት ሴቶች ቆመው ይሰማሉ፤ ካርቶኑ ውስጥ ደግሞ ልጄ። ምን ብዬ? «ስንቴ ልቀባው?» ስትለኝ «ጠዋትና ማታ» አልኳት። ዋጋውን ቀነስኩላት። እጄን ይዛ ሳመችው።

ሀሚዳ እኮ ምንም አልሆነችም። ልጇ ቢተኛላት ምን አለበት?

ታኅሣሥ 14

ሦስት ቀን ተውኩት፣ እንዳትላመደው ብዬ። ዛሬ ስትነሳ ፊቷ እሳት ነው። ከድሮው የባሰ። አንገቷም፣ ያልነበረበት ሆዷም። እማ ሐሊሜ «ዓይን ነው፤ ሰው ፊት አብዝተሽ አወጣሻት» አሉ። እሳቸው አይደሉም ያዞሯት?

ቀባኋት። ማታ ጠራ።

ታኅሣሥ 22

ሲስተር የሺመቤት ሳሙና ልትገዛ ሱቅ ገባች። ሀሚዳን አንስታ ጉንጯን ጉንጯ ላይ አደረገችው።

«አየሽ! አልሰለቸሽም ማለት ነው።»

«አልሰለቸሁም።»

«ቫዝሊኑን በደንብ ትቀቢያታለሽ?»

«በቀን አምስቴ» አልኳት።

ስለ እኔ ለሌሎች እናቶች እንደምትነግር ነገረችኝ። «ፊርደውስ እንዳደረገችው አድርጉ እላቸዋለሁ» አለች። ሳሙናውን በነፃ ልሰጣት ብል እምቢ አለችኝ። ከሄደች በኋላ የሳሙናውን መደርደሪያ እንደገና ደረደርኩት፤ አቧራ ይዞ ነበር።

ታኅሣሥ 29

አሁን አንድ ቀን እንኳ ካለፈ ይመለሳል። ጠዋትና ማታ ሆኗል። ከጉንጭ አልፎ አንገት፣ ክርን፣ ጉልበት፣ ጀርባ። ለጥር ሙሽሮች ከምቀላቅለው ጎን የእሷን ለብቻ በትንሽ ብልቃጥ አስቀምጣለሁ። ሽታውን አልጨምርበትም፣ ሲስተር ሽታ አይሆንም ስላለች። እንዲህም እጠነቀቃለሁ።

ጥር 2

ሙሽሮቹ ጀመሩ። ዛሬ ዘጠኝ ብልቃጥ።

ሀሚዳ ወፍራለች። ፊቷ ድብልብል ብሏል። እማ ሐሊሜ ደስታቸው ሌላ ነው፤ «ጨረቃ! ጨረቃ መሰለችልኝ! እንቁላሉን መተውሽ ነው» ይላሉ። እኔም ደስ ብሎኛል። እጅና እግሯ ግን አልወፈረም። ግንባሯ ላይ ደግሞ ለስላሳ ፀጉር እየበቀለ ነው። የያሲን ወገን ፀጉራም ነው።

ጥር 6

ልብሷን ሳወልቅ የክንዷ ቆዳ ተላጠ። ሳላስበው፣ በጣቴ ብቻ! እንደ ሽንኩርት ልባስ ሳሳ። ጉንጯ ላይ ቀጫጭን ቀይ ሥሮች በብርሃን ይታያሉ። ምን ያህል ጊዜ ነው ያላየኋቸው?

ልቤ ፈራ። ትንሹን ብልቃጥ ይዤ ሽንት ቤት ጣልኩት። ሁለተኛ አልነካትም። ወላሂ አልነካትም። ወደ ቫዝሊኑ እመለሳለሁ። ማንም ሳያውቅ ያልፋል፣ ኢንሻአላህ።

ጥር 8

ፊቷ ተቃጥሏል። አንገቷ ሥር ቢጫ ቅርፊት ይዟል። ቫዝሊን፣ ቫዝሊን፣ ቫዝሊን።

ጡት ስሰጣት ትንሽ ስባ ትተዋለች። አስመለሳት። ያሲን ሐኪም ቤት እንሂድ ይላል። ነገ አልኩት። ሐኪም ይጠይቃላ።

ጥር 9

አታለቅስም። ማልቀሷን እንዲህ እመኛለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። አንስቼ ስይዛት አንገቷ ይወድቃል።

ጥር 11፣ ሆስፒታል

አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ነው። የትናንቱን ልጻፈው፣ እጄ ሥራ ካልያዘ አብዳለሁ።

ትናንት ከተራ ነበር። ባጃጁ ታቦት በሚወርድበት ሕዝብ መሐል ገብቶ ቆመ፤ ወደፊትም ወደኋላም የለም። ያሲን ልጅቷን ከእጄ ነጥቆ ወርዶ ሮጠ። «ልጅ ይዣለሁ! ልጅ ይዣለሁ!» እያለ ሲጮህ ነጭ የለበሰው ሰው ሁሉ ግራና ቀኝ እየተከፈለ አሳለፈው። እኔ በአንድ ጫማ ተከተልኩት። ያ ሲናገር የማይሰማ ሰው ነው እንዲህ የጮኸው።

ዶክተሩ ወጣት ነው። መርፌው ሥር እስኪያገኝ ሦስት ጊዜ ወጋት፤ እሷ አልተንቀሳቀሰችም። «ስኳሯ ወርዷል። ምን ስትወስድ ነበር?» አለኝ።

«ምንም።»

«የተቀባችውስ?»

«ቫዝሊን» አልኩት። አልኩት! ልጄ እዚያ ተዘርግታ።

ሲስተር የሺመቤት ሰምታ መጥታ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ቀረብ ብላ የሀሚዳን ግንባር ነካች፣ ጉንጯን ወደ መስኮቱ አዞረችው። አልተቆጣችኝም። ቢቆጡኝ እዋሽ ነበር መሰለኝ። «ፊርደውስ፣ የምጠይቅሽ ልፈርድብሽ አይደለም» አለች። «አንዳንድ ፊት ማጥሪያ ውስጥ ስቴሮይድ የሚሉት ኃይለኛ መድኃኒት አለ። ሕፃን በየቀኑ ከተቀባችው ወደ ደሟ ይገባል፤ ሰውነቷ ለራሱ የሚሠራውን ነገር መሥራት ያቆማል። ያ ቅባት ድንገት ሲቀርባት ደግሞ ባዶዋን ትቀራለች፤ እንዲህ ትዝለፈለፋለች። እንዲያ ከሆነ መድኃኒቱ ሌላ ነው። አሁኑኑ ማወቅ አለብን።»

ያሲን አለ። እማ ሐሊሜ አሉ። አራት የማላውቃቸው ሰዎች አሉ።

«ቅልቅሉን ነው» አልኩ። «ከታኅሣሥ አንድ ጀምሮ። ጠዋትና ማታ። ሐሙስ... አይደለም፣ ረቡዕ ነው የጣልኩት። ከዚያ ወዲህ አልቀባኋትም።»

ዶክተሩ ዞሮ ሮጠ። ግሉኮስና ሌላ መድኃኒት በሥሯ ሰጧት። ለአንገቷ ቁስልም መርፌ። ማታ አንድ ሰዓት ላይ አለቀሰች። ትንሽ፣ ደካማ ለቅሶ። ያሲን ግድግዳውን ይዞ ተቀመጠ።

እማ ሐሊሜ «ሰው ፊት አታውጪያት ያልኩሽ እኔ ነኝ» አሉ። ስድባቸውን እየጠበቅሁ ነበር። ይሄኛውን ምን እንደማደርገው አላወቅሁም። «እኔ ነኝ የቀባኋት፣ እማ» አልኳቸው።

ጥር 12

ጠባች። ዶክተሩ መድኃኒቱ ለሳምንታት በጥቂት በጥቂቱ እየተቀነሰ እንደሚቆም ነገረን። ትድናለች ይላሉ። አልሐምዱሊላህ።

ማታ ሲስተር መጣች። «ይህን ቅልቅል ለልጅ የወሰደ ሌላ ሰው አለ?» አለችኝ።

እታገኝ።

ያ አላህ፣ እታገኝ! ታኅሣሥ አሥር ነው የሰጠኋት። ብልቃጡ ለአንድ ልጅ አንድ ወር ቢሄድ ነው። አልቋል። ወይ አሁን እያለቀ ነው። እኔ እዚህ የራሴን ልጅ ጣቶች ስቆጥር ያኛው አልቋል!

ጥር 13

ሲስተር መኪና አስፈቅዳ ጎህ ሲቀድ ወጣን። መንገዱ እስከሚደርስበት በመኪና፣ ከዚያ በእግር። መንገድ ላይ ሁሉ ምን እንደምላት ሳዘጋጅ ነበር።

እታገኝ ከሩቅ አይታን እልል አለች። «መጣችልኝ! ትናንት ሰቆጣ ወርጄ ሱቅሽ ተዘግቶ ተመለስኩ እኮ!» ደግሰውን አወጣችው። ፊቱ የጠራ፣ ድብልብል ያለ። አወቅሁት ያን ፊት።

«ብልቃጡ አለቀ?» አልኳት።

«ዛሬ ጠዋት ጠረግሁት። ብቻዬን አልተጠቀምኩማ! እዚህ ልጁ የሚያሳክከው ሁሉ እንዴት ይቅርበት? ለጎረቤቶቼ፣ ለባንቺም ለይታየሽም በስኒ በስኒ አካፈልኳቸው፤ እያብቃቃን ነው የቆየነው።»

በስኒ። እዚህ አገር መድኃኒት የተገኘ እንደሆነ ለብቻ አይያዝም። ይህን እኮ አውቃለሁ፣ እናቴም እንዲሁ ነበረች። ለእታገኝ የሰጠሁ ቀን ለመንደሩ መስጠቴ ነበር።

ሲስተር ባንቺን አስጠራቻት። ልጇ ዝላለች፣ ገና ሁለት ቀን ነው ያለቀባት። ሁለቱንም ልጆች አሁኑኑ ሆስፒታል ይዘን እንደምንወርድ ነገረቻቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ቆሜ ተናገርኩ፦ ቅባቱ መርዝ ሆኖባቸዋል፣ ልጄም ልትሞትብኝ ነበር፣ የሰጠኋችሁ እኔ ነኝ። እታገኝ እያየችኝ «አንቺም ለልጅሽ ቀብተሻት የለ?» አለች። «አዎ» አልኳት። ልጇን ለማዘል ነጠላዋን አነሳች።

«ይታየሽስ?» አልኩ።

ተያዩ። ባንቺ ናት የመለሰችው። «የይታየሽ ልጅ አርፏል። ጥር አምስት ቀን። ብርድ ነው።»

ይታየሽ ቤቷ ቅርብ ነበር። መምጣታችንን ሰምታ ራሷ መጣች፣ ጥቁር ለብሳ፣ ቀጭን ልጅ እግር ሴት። ጉንጬን ሳመችኝ። «ድርሻዬ ቀድሞ አለቀብኝ» አለች። «ሁለት ቀን ደከመው፣ አስመለሰው፣ ጡቱንም እምቢ አለኝ። ሲሄድ ግን ፊቱ ንጹሕ ነበር። ቁስል ሳይኖረው ነው የቀበርኩት። እግዜር ይስጥሽ።»

ሲስተር ባንቺን እያጣደፈች ነበር። እኔ ብቻ ነበርኩ ፊቷ።

«አንቺ ጠዋትና ማታ ብለሽ ነበር አሉ» አለች ይታየሽ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እኔ ሥራ ሲበዛብኝ ማታውን እረሳ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም። እሱ ነው መሰለኝ።»

ሲስተር ጠራችኝ። ልጆቹ ነበሩ፣ መቸኮል ነበረብን። ይታየሽን «እግዜር ያጽናሽ» ብያት ሄድኩ።

ጥር 15

ደግሰው ደህና ነው። የባንቺም ልጅ ደህና ናት፣ ቶሎ ደረሰች። መድኃኒቱን ጀምረዋል።

ብርድ ነው ብላለች ባንቺ። በጥር ብርድ ልጅ ይሞታል፤ ስንቱ ሞቷል። ዶክተሩንም ጠየቅሁት፣ ልጁን ሳላይ ምንም ማለት አልችልም አለ። ማንም እርግጠኛ ሊሆን አይችልም።

ጥር 18

ከሆስፒታል ወጣን። ሀሚዳ ጉንጮቿ ቀልተዋል፣ ታካለች፣ ትጮሃለች። ሲስተር «ገና ይብሳል፣ ከዚያ ይረግባል» ብላኛለች። ለብ ያለ ውኃ፣ ቫዝሊን፣ ጥጥ። እማ ሐሊሜ ሱፉን ራሳቸው አጥፈው ሳጥን ውስጥ ከተቱት።

ያሲን ቱቦዎቹን ሁሉ በካርቶን ሰብስቦ ለጤና ጽሕፈት ቤት አስረከበ። «ያመጣሁት እኔ ነኝ» አለ እንጂ የእኔን ስም አላነሳም። ተከትዬው ሄጄ የቀላቀልኩት እኔ ነኝ አልኩ።

ጥር 20

ሱቅ ከፈትኩ። ሁለት ሙሽሮች መጡ። ቅልቅል የለም፣ ምክንያቱም እንዲህ ነው ብዬ ነገርኳቸው። አንዷ አለቀሰች፣ ከወር በፊት ነው የወሰደችው። ጤና ጣቢያ ላክኋት። ሌላዋ ተቆጣች፦ «እኔ ልጅ አይደለሁ! አስቀምጠሽ ለባለገንዘብ ልትሸጪው ነው?» በሩን አላትማ ወጣች። ሀሚዳ በቀይ ጉንጯ ካርቶኗ ውስጥ፣ በሩ አጠገብ ናት። ሰው አይቶ ዞር ይላል። ይዙር።

የወሰዱትን ሁሉ ስም ከአእምሮዬ እየለቀምኩ ለሲስተር እሰጣታለሁ። ዛሬ ሠላሳ አንድ ደረሰ።

ጥር 22

ማታውን እረሳ ነበር አለች።

ያቺን ሴት ለብቻዋ እዚያ ትቻት መጣሁ። ብርድ ነው ብላ ብታምን ኖሮ እተወው ነበር፣ እውነቱን ልጻፍ፣ እተወው ነበር። እሷ ግን ብርድ አላለችም።

ለያሲን ነገርኩት። «ልከተልሽ?» አለኝ። አይሆንም አልኩት። «ወንድሞች አሏት፣ ፊርደውስ» አለ። አውቃለሁ። እማ ሐሊሜ ሀሚዳን ከእጄ ተቀበሉኝና «በርጥቡ፣ ወፈር አድርጌ፣ አውቄያለሁ፣ ሂጂ» አሉኝ።

ጥር 23

በእግሬ ሄድኩ። ስደርስ ረፋድ ሆኗል። ይታየሽ ደጇ ላይ ማሽላ ታበጥራለች። እንድቀመጥ ሰፌዱን ገፋ አድርጋ ቦታ ለቀቀችልኝ፣ ውኃ አመጣችልኝ። ሳልጠጣው አስቀመጥኩት።

«ይታየሽ» አልኳት፣ «ማታውን በመርሳትሽ አይደለም። ባትረሺውም ይሄው ነበር። እንዲያውም ሁለቱንም ብትረሺው ነበር የሚሻለው። የሀሚዳዬ ሕመም የልጅሽ ሕመም ነው፤ ያሳመመቻቸው አንድ ቅባት ናት፣ ሲያልቅ የምትገድል። ለልጅ እንደማትሆን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ ለእታገኝ ልነግራት አፌ ላይ ነበር። ሰው ቆሞ ነበርና አፈርኩ። አንቺ ምንም አላጠፋሽም። እኔ ነኝ።»

ሰፌዱን አስቀመጠች። እጇ ላይ የቀረውን ማሽላ አራገፈች።

«ድገሚልኝ» አለችኝ።

ደገምኩላት።